ለመቅበር እድር አለን፣ ለመጦርስ?

እማዬን ከአራተኛ ፎቅ ለማውረድ አራት ሰው ያስፈልግ ነበር። ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ዊልቸሩ የደረጃው መታጠፊያ ላይ አይዞርም፣ ሞክረን አይተነዋል። ስለዚህ ባለ ክንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እህቴ ወገቧን በነጠላ ከወንበሩ ጋር ታስራታለች፣ ከዚያ በስመአብ ተብሎ መውረድ ነው። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትወርደው። አንድ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልጆቹ ትንሽ ሊያርፉ ወንበሩን ሲያስቀምጡ፣ ከስትሮኩ ወዲህ በሚኮላተፈው አፏ "ሬሳ አስመሰላችሁኝ እኮ" አለች። ሳቅን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ልጅ ግን አልሳቀም።

ልጆቹ ከታች መኪና የሚያጥቡት ናቸው። መጀመሪያ "እናታችን አይደሉ እንዴ" ብለው ብር አንቀበልም አሉ። በሦስተኛው ጊዜ ተቀበሉ። አልፈረድኩባቸውም፣ ሥራቸውን ጥለው ነው የሚመጡት። ለአራቱ መውረጃ 400፣ መውጫ 400። ሐኪም ፊት ሳንደርስ 800 ብር ወጣ ማለት ነው።

ቤቱ ቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የለውም። እማዬ በ1997 ተመዝግባ፣ ስንት ዓመት ጠብቃ የደረሳት ቤት። እጣው አራተኛ ፎቅ ሲሆን "ነፋሻ ነው" ብላ ደስ አላት። በመስኮቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ይታያል፣ ማታ ማታ የመኪናውን መብራት ስታይ ታመሽ ነበር። ያኔ ደረጃውን በቀን ሦስት ጊዜ ትወጣዋለች፣ ያውም ዘንቢል ይዛ። አንድ ቀን መውጣት ያቅታት ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

በ2015 ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ ወደቀች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሷ አይደሉም።

ስለ ህክምናው ብዙ አልጽፍም። ሆስፒታል 19 ቀን ተኛች፣ ወጣች፣ የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ትወስዳለች፣ ከነማ ፋርማሲ ሲገኝ በርካሽ እንገዛለን፣ ሳይገኝ ደግሞ ሌላ ቦታ። የሆስፒታል ወጪ ያስደነግጥሃል እንጂ ማለቂያ አለው። ማለቂያ የሌለው ቤት ስትገባ የሚጀምረው ነው። ጤና መድህን የሚባለውም ቢሆን ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ነው የተሠራው። ለደሞዝተኛውና ለጡረተኛው ተብሎ በ2002 የወጣው አዋጅ ደግሞ ወረቀት ላይ ሆኖ ስንት ዓመት ተቀመጠ። ቢጀመርስ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ እናትህን ወደ ግራ ጎን ለሚያገላብጥ ሰው የሚከፍል መድህን የለም።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰው ሲደነግጥ የለመደውን ይሠራል መሰለኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሄጄ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ። ገቢ በአንድ ወገን፣ ወጪ በሌላ ወገን። ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ እህቴ ከእማዬ ጋር ነው የምትኖረው። እኔ ሳሪስ ነኝ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ። ታናሻችን አሜሪካ ነው። በየወሩ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ማንም ማንንም እንዳይጠረጥር ነው። በዚህ ደብተር እኮራበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ገቢው አጭር ነው። አባታችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር፣ ሲሞት ሕጉ ለሚስት የሚሰጠው የጡረታውን ግማሽ ነው። የእማዬ እጅ የሚገባው 1,900 ብር ነው። ጡረታ የሚለው ቃል "መጦር" ከሚለው መምጣቱን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደብተሩን ስይዝ ነው ልብ ያልኩት። የትልቅ ሰው ዳይፐር አንዱ 75 ብር፣ በቀን ሦስት። የእማዬ ጡረታ እማዬን የሚጦራት ስምንት ቀን ነው። ያውም ዳይፐሩን ብቻ።

እሷኑ 1,900 ለማውጣትም መከራ ነበር። እማዬ ቀኝ እጇ አይፈርም። ባንክ ሄጄ ብናገር፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ባለሂሳቧ ራሳቸው መምጣት አለባቸው" አለችኝ። አልጋ ላይ ናቸው ብላት፣ ፎቶ ባሳያት፣ ወይ ፍንክች። ወንበሩ፣ ነጠላው፣ አራቱ ልጆች፣ ከታች ባጃጅ። 800 እና የባጃጁን ከፍለን 1,900 አውጥተን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ነው ውክልና ያሠራነው፣ እሱም በጣት አሻራ፣ ቃሏ እንዲሰማ ተብሎ ስንት ጊዜ ተመላልሰን። ወላጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ውክልና እጁ ሲፈርምና አፉ ሲናገር ነው የሚሠራው። ዛሬ አንሱት ጉዳዩን። "ልትሞት ነው ብለው ያስባሉ" ብላችሁ አትፈሩ፣ እማዬ ጤነኛ እያለች ብንጠይቃት ስቃ ትፈርምልን ነበር።

ሠራተኛ ፍለጋው ሌላ ታሪክ ነው። ደላላው "አረጋዊ አለ" ሲባል ድምፁ ይቀየራል። ልጆቹም አይዋሹም። "ልብስ አጥባለሁ፣ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ሰው ግን አላነሳም" ይላሉ ፊት ለፊት። የመጀመሪያዋ 11 ቀን ቆየች። ሁለተኛዋ ጥሩ ነበረች፣ ግን ፓስፖርቷን እየጠበቀች ኖሮ ሲደርስላት ዓረብ አገር ሄደች። ሦስተኛዋ በ6,000 ብር ገባችና እማዬን ጠዋት በጀርባዋ አስተኝታ ማታ እዚያው ታገኛታለህ። ክፋት አይደለም፣ ማንም አላስተማራትም። እኛስ መች አወቅን? ዳሌዋ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቀይ ነገር ስናይ "ትኋን ይሆናል" ብለን ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣን። የአልጋ ቁስል ነበር።

ነርሷ እየመጣች ስታጥብላት፣ በአንድ ጊዜ 500 ብር፣ አንድ ቀን እየዘለለች፣ ሰባት ሳምንት። በደብተሬ ላይ 12,500 ብር ይላል። በመጨረሻው ቀን ዕቃዋን እየሰበሰበች "በየሁለት ሰዓቱ ብታገላብጧት ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ ማገላበጥ ነጻ ነው" አለችን። ነጻ። ያን ቃል እኔም አምኜው ነበር።

ኅዳር 2016 ላይ ተሰብስበን ተነጋገርን። ታናሻችን በስልክ፣ እኔና እህቴ ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። እህቴ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ደሞዟ 5,800 ብር። ሠራተኛዋ 6,000፣ ከነምግቧና ከነማረፊያዋ። ሂሳቡን ለመሥራት ካልኩሌተር አያስፈልግም። "ሰው ከምንቀጥር አንቺ ብትቀመጪ አይሻልም?" ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ። ታናሻችን "እውነት ነው፣ የኔን ትንሽ እጨምራለሁ" አለ። እህቴ ዝም ብላ ቆየችና "እሺ፣ እናቴ አይደለች" አለች። በማግስቱ መልቀቂያ አስገባች። የደብተሩ የወጪ ገጽ ላይ "የሠራተኛ ደሞዝ 6,000" የሚለውን ሰረዝኩት። ወጪ ቀነሰ። ደስ አለኝ።

በሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የባሰ ደስ አለን። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ታናሻችን የሚልካት 150 ዶላር እዚሁ ስትደርስ እጥፍ ልትሆን ምንም አልቀራትም። ግሩፑ ላይ "በሉ እንግዲህ ተገላገላችሁ" ብሎ ጻፈ። ግልግሉ ሦስት ወር ቆየ። ዳይፐሩም እኮ ከውጭ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ 48 ብር የነበረው ነው ዛሬ 75 የሆነው።

ስለ እድር ልንገራችሁ። እማዬ የእድር ሰው ናት፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ አንድ ወር አላሳለፈችም። የእድሩ ጸሐፊ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አክብረው ይሰሙኛል ብዬ አንድ እሁድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እማዬ ስታልፍ እድሩ ለቤተሰቡ 20,000 ይሰጣል አይደል? ከዚያ ላይ ግማሹን አሁን ብታበድሩን፣ የአየር ፍራሽ እንገዛ ነበር" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ልጄ፣ ደንቡ ላይ የለም። ሲሞቱ ነው" አሉኝ።

እየተናደድኩ ወጣሁ። ግን ቤት እስክደርስ ሳስበው ሳቄ መጣ። ወላጆቻችን ሲመርቁን "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ይላሉ። ለቀባሪው ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ ድስት አለ፣ ጥሩንባ ነፊ አለ፣ ሳይመጣ የቀረ ይቀጣል። ለጧሪው ምን አለ? ምርቃቱ ላይ ከፊት የተቀመጠው እኮ እሱ ነው። አንዳንድ እድሮች አረጋውያንን መደገፍ እንደጀመሩ አውቃለሁ፣ የኛ ግን ገና ነው። ጸሐፊው ግን ቅር ብሏቸው ኖሮ በሳምንቱ ሁለት ሴቶች ላኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው ቡና አፍልተው ከእማዬ ጋር ይቀመጣሉ፣ እህቴ በዚያ ሰዓት ገበያ ትወጣለች ወይም ትተኛለች። ብዙ ጊዜ ትተኛለች። ከ20,000ው ይሄ ሳይበልጥ አይቀርም።

አንድ ዘመድ ደግሞ "መቄዶንያ ለምን አታስገቧትም?" አለን። ክፉ ልብ ኖሮት አይደለም። "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለውን መፈክራቸውን የማያውቅ የለም፣ እኛም እንደ ሁሉም ሰው አቅማችን የፈቀደውን እንሰጣለን። ግን ቤቱ ሰው ለሌለው ሰው ነው። ከመንገድ ለተነሳ፣ ጠያቂ ለሌለው። ሦስት ልጆች ያሏት፣ አንዱ አሜሪካ ያለ፣ ኮንዶሚኒየም ያላት ሴት እዚያ ሄዳ የማንን አልጋ ነው የምትይዘው?

የሕግ ነገር ከተነሳ ይሄንንም ልበል። ቀለብ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ሚስቱን ፈቶ ለልጁ የሚከፍል አባት ነው። በ1992 የወጣውን የቤተሰብ ሕግ ግን ብታነቡት ቀለብ ወደ ላይም ይሄዳል። ልጅ ለወላጁ ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስና ህክምና የማሟላት ግዴታ አለበት። እናቱን ያስራበ ልጅ ሊከሰስ ይችላል ማለት ነው። የኛ እናቶች ግን ልጃቸውን ከሚከሱ ራባቸውን ደብቀው ይሞታሉ። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው፤ ሕጉ የጠቀሳቸው ነገሮች በሙሉ የሚገዙ ናቸው። በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጥ እጅ የለበትም። የኔ ደብተር ላይም አልነበረም።

አንድ ማታ፣ ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ ነው፣ የእማዬን አጥሚት እያበላሁ ነበር። አጥሚት ወፈር ማለት አለበት፣ ከቀጠነ ያንቃታል። በማንኪያ ጫፍ ትንሽ፣ አገጯን ዝቅ አድርጋ፣ እስክትውጥ መጠበቅ። አንድ ስኒ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። እህቴ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ታየኛለች። "በቀን ሦስት ጊዜ ነው" አለች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ደግሞ "አንተ ሂሳብ ታውቃለህ፣ የኔ ጡረታ ምን ይሆናል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቤት ሄጄ አዋጁን ከፈትኩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ እንዲኖረው የተደረገው በ2003 ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 715፤ እሱም በ2014 በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። 60 ዓመት ሲሞላ ወር በወር እስከ ዕለተ ሞት ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የሆነ በአንድ ጊዜ ተሰጥቶት የሚያልቅ ነገር እንጂ ጡረታ አይደለም። እህቴ መስከረም 2008 ገብታ ኅዳር 2016 ወጣች። 8 ዓመት ከ2 ወር።

አንድ ዓመት ከአሥር ወር ቀርቷት ነበር። እኔ "ወጪ ቀነሰ" ብዬ ስጽፍ።

ባል የላት፣ ልጅ የላት። ዘንድሮ 49 ዓመቷ ነው። እማዬ ሦስት ልጅ አላት፣ እህቴን ማን ያገላብጣታል? የእናታችንን እርጅና በእህታችን እርጅና ነው ስንከፍል የቆየነው፣ እኔ ደግሞ በየወሩ ፎቶ እያነሳሁ "ሚዛኑ ልክ ነው" እያልኩ እለጥፋለሁ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሚስቴ "አሞሃል?" አለችኝ። ሂሳብ ተሳስቼ ነው አልኳት።

ከዚያ ሁለት ነገር አደረግን።

አንደኛው ቤቱ ነው። ታናሻችን መጀመሪያ "ሸጠን እናስታምማት" ብሎ ነበር፣ እማዬ ሰማችና ግራ እጇን አነሳች፣ አይሆንም ማለቷ ነው። ስለዚህ አራተኛውን ፎቅ አከራየነው፣ በ13,000። እዚያው ብሎክ ግራውንድ ላይ ባለ አንድ መኝታ በ16,000 ተከራየን። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል፣ አከራያችን በየስድስት ወሩ እየመጣ "ጨምሩ ወይ ውጡ" አይለንም፣ ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ልዩነቱ 3,000 ብር ነው። በወር ሁለት ጊዜ ለማውረድና ለማውጣት ብቻ 1,600 እንከፍል እንደነበር አስቡት። አሁን ዊልቸሩ በሩን አልፎ ይወጣል። እማዬ ጠዋት ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች፣ የሚያልፈው ሁሉ "እንዴት አደሩ" ይላታል፣ መኪና አጣቢዎቹ ልጆችም በነጻ ያወሯታል። ከመጋቢት ወዲህ ንግግሯ ተሻሽሏል። ፊዚዮቴራፒስቱ በኔ ሥራ ነው ይላል፣ እኔ በሰላምታው ነው እላለሁ።

ሁለተኛው የእህቴ ደሞዝ ነው። ታናሻችን 100 ዶላር ጨመረ፣ እኔ ከኔ 4,000 ጨመርኩ፣ በወር 9,000 ብር በስሟ በተከፈተ ሂሳብ እንዲገባ ተስማማን። ለልብስ አጠባውና ለጽዳቱ በሳምንት ሦስት ቀን የምትመጣ ልጅ ለብቻ። አክስታችን ስትሰማ ጉድ አለች። "እናቷን ለማስታመም ደሞዝ? ዘመኑ ምን ይሰማ ይሆን!" አክስቴን እወዳታለሁ። ግን ለማታውቀው ልጅ 6,000 ስንከፍል ምንም አላለችም፣ ያን ጊዜ ዘመኑ ደህና ነበር።

እህቴም አልወደደችውም። "ሠራተኛ አደረጋችሁኝ?" ብላ ሁለት ቀን ዘጋችኝ። በሦስተኛው ቀን ደወለች። "የዓመት ፈቃድ አለው?" አለችኝ። ሳቄን ስሰማው የሰው ሳቅ አልመሰለኝም።

አለው አልኳት። ስለዚህ ዓርብ ማታ እኔ እመጣለሁ፣ እሑድ ማታ እመለሳለሁ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ። እሷ ጓደኛዋ ጋ ቢሾፍቱ ትሄዳለች። ያቺ የአንድ ዓመት ከአሥር ወር ነገር ገና መላ አልተገኘላትም። የድሮ አለቃዋን አናግራለች፣ "ሰው ስንቀጥር እንጠራሻለን" ብሏታል፣ ከጠራት ደግሞ እማዬን ማን ይይዛታል የሚለው አለ።

የመጀመሪያው ዓርብ ስልኬን በየሁለት ሰዓቱ እንዲቀሰቅሰኝ ሞላሁት። አምስት ሰዓት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ። የሰባቱን ሰማሁት፣ የዘጠኙ ሲጮህ አጥፍቼው ተኛሁ። እማዬ ናት የቀሰቀሰችኝ፣ በግራ እጇ የአልጋውን ብረት በቀለበቷ ቂው ቂው እያደረገች። አላማረረችም። ሳገላብጣት "አንተም ደክሞሃል" አለችኝ።

እሑድ ማታ እህቴ ስትመለስ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። ስክሪብቶ አንስታ በወጪው ገጽ ላይ፣ ከዳይፐሩ መስመር በታች፣ በሷ ጽሑፍ አንድ መስመር ጨመረች። "ሌሊት መነሳት፣ 4 ጊዜ።" የብሩን ቦታ ባዶ ተወችው። የወሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ እንዳለ ለጠፍኩት።